ማኅበራዊ ሳይንስ ለማስተማር የትኛው ሁለተኛ ዲግሪ ይሻላል?

ካርታ አንባቢ፦

ለስድስት ዓመታት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎችን ማኅበራዊ ሳይንስ ሳስተምር ቆይቻለሁ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በጂኦግራፊ ሲሆን የማስተምረው ትምህርት ግን ጂኦግራፊን፣ ታሪክን፣ ሥነ ዜጋንና ኢኮኖሚክስን በአንድ መጽሐፍ አጣምሮ የያዘ ነው። ስለ ካርታ፣ ስለ አየር ንብረት ወይም ስለ ሕዝብ አሰፋፈር ሳስተምር ተማሪ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ቢያነሣብኝ አልደነግጥም፤ መልሱን ባላውቀው እንኳ ከየት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚጣራ አውቃለሁ። ወደ ታሪኩ ምዕራፍ ስሻገር ግን ይህ መተማመን ይለየኛል። ባለፈው የትምህርት ዘመን አንዲት ተማሪ ስለ አንድ ጦርነት የሚተርኩ ሁለት ጽሑፎች ይዛ መጥታ «ሁለቱ የሚሉት ይለያያል፤ የትኛውን ልመን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «በመማሪያ መጽሐፉ ያለውን ያዢ» አልኋት። ፊቷን ሳይ የሰጠኋት ነገር መልስ እንዳልሆነ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም ይከነክነኛል።

ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር የቆረጥሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያሉኝ አማራጮች ሦስት ናቸው። አንደኛው በጂኦግራፊ መቀጠል፣ ሁለተኛው በታሪክ መማር፣ ሦስተኛው ደግሞ በትምህርት ፋኩልቲ የሚሰጠውን የማኅበራዊ ሳይንስ ማስተማሪያ ሥነ ዘዴ መማር ነው። ባልደረቦቼ አራተኛ ይጨምሩልኛል፤ የትምህርት አመራር ብማር ዕድገት ቶሎ እንደማገኝ ይመክሩኛል። እኔ ግን ከክፍል መውጣት አልፈልግም።

የሦስቱንም ማስታወቂያ ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ ሁሉም «ብቁ መምህር ያደርጋል» ይላሉ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች ምን ብታዩ፣ ምን ብትጠይቁ ኖሮ ምርጫችሁ የተሻለ ይሆን እንደነበር ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የታሪክ መምህርት፦

እኅቴ፣ የተማሪዋ ጥያቄ ያሳፈረዎት የማስተማር ዘዴ ስለጎደለዎት አይመስለኝም። የጎደለው የታሪክ ሙያ ነው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ባልተማሩበት ሙያ ሲያስተምሩ የቆዩ በመሆንዎ ከእርስዎ የሚጠበቅ አልነበረም። ነገር ግን መድኃኒቱ ከሕመሙ ጋር መገናኘት አለበት።

ሳም ዋይንበርግ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት ስምንት የታሪክ ምሁራንና ስምንት ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1775 በአሜሪካ በሌክሲንግተን ስለተደረገው ውጊያ የተጻፉ ሰነዶችን የሚያስቡትን ድምፅ አውጥተው እየተናገሩ እንዲያነቡ አድርጎ ነበር። ከምሁራኑ መካከል የአሜሪካን ታሪክ በልዩ ሙያነት ያላጠኑም ነበሩበት፤ ሆኖም አነባበባቸው ከተማሪዎቹ ፈጽሞ ይለያል። ምሁራኑ ሰነዱን ከማንበባቸው በፊት ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ ለምን ዓላማ ጻፈው ብለው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም የአንዱን ቃል ከሌላው ጋር ያስተያያሉ፤ ድርጊቱንም በዘመኑ ሁኔታ ውስጥ አስገብተው ይመዝኑታል። ተማሪዎቹ ግን ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች አንብበው የያዘውን መረጃ ይለቅማሉ። የእርስዎ ተማሪ የጠየቀችው ከሁለተኛው አነባበብ ወደ መጀመሪያው የምትሸጋገርበትን በር ነው። በሩን የሚከፍትላት መምህር ደግሞ ራሱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከሰነድ ጋር ታግሎ፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ምንጮችን አስታርቆ ወይም መታረቅ እንደማይችሉ አረጋግጦ የጻፈ ሰው መሆን አለበት። ያ ልምድ የሚገኘው በታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠራ ነው፤ እኔ ያገኘሁት በዚያ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ታሪክን ይማሩ ነው። የማስተማሩን ዘዴ ስድስት ዓመት ክፍል ውስጥ ተምረውታል።

የመምህራን አሠልጣኝ፦

የታሪክ መምህርት ከጻፉት አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን አልቀበልም። ስድስት ዓመት ማስተማርና ለስድስት ዓመት ማስተማርን መማር አንድ አይደሉም፤ አንድን ዓመት ስድስት ጊዜ የደገመ መምህር አለና።

ሊ ሹልማን የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ጽሑፍ የመምህሩን ዕውቀት ሲተነትን ከይዘት ዕውቀትና ከጠቅላላ የማስተማር ዕውቀት ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ዕውቀት እንዳለ አመለከተ፤ ይኸውም ይዘትንና ማስተማርን ያጣመረው ነው። ይህ ዕውቀት ያለው መምህር በየርዕሱ ተማሪ የት እንደሚሰናከል አስቀድሞ ያውቃል፤ ለዚያ መሰናክል የሚስማማውን ምሳሌም ይዞ ይጠብቀዋል። ካርታ አንባቢ፣ እርስዎ በጂኦግራፊ ይህን አለዎት። ከምድር ወገብ የራቁ አገሮችን አግዝፎ በሚያሳየው የመርኬተር ካርታ ላይ ግሪንላንድና አፍሪካ ተቀራራቢ መስለው ስለሚታዩ ተማሪ ስፋታቸው እኩል ነው ብሎ እንደሚያስብ ያውቃሉ፤ አፍሪካ ግሪንላንድን 14 ጊዜ ያህል እንደምትበልጥ ለማሳየትም ሉል ይዘው ይገባሉ ብዬ እገምታለሁ። ያን ሉል መቼ ማውጣት እንደሚገባ ማወቅ ጂኦግራፊ ብቻ አይደለም፤ ፔዳጎጂ፣ ማለትም የማስተማር ዘዴ፣ ብቻም አይደለም።

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ ምዕራፍ እንሂድ። የአንድ ምርጫ ዋጋ፣ በምርጫው ምክንያት ከቀሩት አማራጮች ሁሉ የተሻለው ብቻ ነው። ተማሪ ግን የቀሩትን ሁሉ አንድ ላይ ይደምራቸዋል። ትርጓሜውን በቃሉ የሚያውቅ መምህር ይህን ስሕተት ፈተና ሲያርም ያየዋል፤ ጥምሩ ዕውቀት ያለው ግን ከማስተማሩ በፊት ይጠብቀዋል። ከአራቱ ሙያዎች በሦስቱ ይህ ከጎደለዎት፣ በታሪክ ብቻ መማር አንዱን ሞልቶ ሁለቱን እንዳሉ ይተዋቸዋል።

ስለ ዲግሪዎቹ ስያሜ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። ማስተር ኦፍ አርትስ የሚባለው እንደ ታሪክና ጂኦግራፊ ባለ የሙያ ዘርፍ የሚሰጥ ነው። ማስተር ኦፍ ኤዱኬሽን የሚባለው በአብዛኛው ቀድሞ በመምህርነት ላይ ላለ ሰው የተዘጋጀ ሲሆን ሥርዓተ ትምህርትን፣ ምዘናን፣ የትምህርት ሥነ ልቡናንና ምርምርን ያካትታል። ማስተር ኦፍ አርትስ ኢን ቲቺንግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሙያ ዲግሪ ይዞ መምህር ለመሆን ለሚፈልግ ሰው የተበጀ ነው፤ ይዘትንና የክፍል ልምምድን ያጣምራል። ይህ የመጨረሻው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ጄምስ ኮናንት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በነበረበት ጊዜ ነው፤ የሙያ መምህራኑና የትምህርት ፋኩልቲው በአንድ ዲግሪ ላይ እንዲሠሩ ታስቦ ነበር። ስለዚህ አሁን እርስዎን የሚያስጨንቀው ክርክር አዲስ አይደለም።

በእንግሊዝ ያለው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ድኅረ ምረቃ የመምህርነት ሰርተፊኬቱ የአንድ ዓመት ትምህርት ሲሆን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች 60 የማስተርስ ክሬዲት ይይዛል፤ ሙሉው ማስተርስ 180 ስለሆነ ተመራቂው ቀሪውን 120 በኋላ ሊያሟላ ይችላል። በፊንላንድ የአንድ ትምህርት መምህር የሚሆን ሰው ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ በጠቅላላው 300 የአውሮፓ ክሬዲት ይማራል፤ ከዚህ ውስጥ 60ው የመምህርነት ትምህርት ነው። ይህን መጠን ልብ ይበሉት። አብዛኛው ክፍል ሙያው ነው፤ የመምህርነቱ ትምህርት ግን አንድ ሙሉ ዓመት የሚወስድ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ይተዉትና የኮርሶቹን ዝርዝር ያስልኩ። በዝርዝሩ ውስጥ በአንድ ኮርስ ውስጥ ሙያውና ማስተማሩ የሚገናኙበትን ይፈልጉ። «የማስተማር መርሖዎች» የሚል ኮርስ ለሒሳብም ለስፖርትም መምህር የሚሰጥ ነው። «የታሪክ ምንጮችን ማስተማር» ወይም «የኢኮኖሚክስ ጽንሰ ሐሳቦችና የተማሪዎች አረዳድ» የሚል ኮርስ ካለ ግን ያ ፕሮግራም ስለ እርስዎ ያስባል። እንዲህ ያሉ ኮርሶች አንድም ከሌሉ ስሙ «የማኅበራዊ ሳይንስ ማስተማር» ቢሆንም ስሙ ብቻ ነው።

ፈቃድ ያስተማረኝ፦

ረጅም ነገር አልጽፍም። በየትኛውም ፕሮግራም ከመመዝገብዎ በፊት ዲግሪው የመምህርነት የሙያ ፈቃድ ይሰጥ ወይም አይሰጥ እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ። እኔ ሁለት ዓመት የተማርሁበት ተቋም ማስታወቂያው ላይ «ለመምህራን» ይል ስለነበር ፈቃዱ አብሮ የሚገኝ መስሎኝ ነበር። ከተመረቅሁ በኋላ ፈቃድ ሰጪው አካል ፕሮግራሙ ክትትል ያለበት የክፍል ልምምድ ስላልያዘ አይቆጠርም አለኝ። ተቋሙን ስጠይቅ «ፈቃድ እንሰጣለን አላልንም» ተባልሁ፤ እውነትም ማስታወቂያው ውስጥ ያ ቃል አልነበረም። ለልምምዱ ብቻ ሌላ አንድ ዓመት መክፈል ነበረብኝ። በእንግሊዝ እንኳ የመምህርነት ሰርተፊኬቱና የመምህርነት ብቃት ማረጋገጫው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አብሮ ሊሰጥም ላይሰጥም ይችላል።

ካርታ አንባቢ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመምህርነት ፈቃድ አለኝ፤ በዚህ በኩል የሚያሳስበኝ የለም። ይሁን እንጂ ምክሩ ለሚያነብ ሌላ ሰው የሚጠቅም ስለሆነ ስለተጻፈ ደስ ብሎኛል።

አሠልጣኙ ስለ ሉሉ የገመቱት እውነት ነው፤ በየዓመቱ ይዤ እገባለሁ፤ ነገር ግን ስም ያለው ዕውቀት መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በሌሎቹ ሦስት ትምህርቶች «ሉሌ» ምን እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ ለሥነ ዜጋ አንድ ሁለት አገኘሁ፤ ለታሪክና ለኢኮኖሚክስ ግን ምንም አላገኘሁም።

በመጀመሪያው ጽሑፌ ያልነገርኋችሁ አንድ ነገር አለ። ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት በክፍሌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ማስተማር ምኞቴ ነው። ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል?

ኮሌጅ የሚያስተምር፦

ይለውጠዋል፤ በጣም።

በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ለማስተማር ሲያመለክቱ የሚታየው የዲግሪው ስም ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሙያ ውስጥ የወሰዱት የድኅረ ምረቃ ኮርስ ብዛት ይቆጠራል። ለምሳሌ በአሜሪካ በአንዳንድ የአካባቢ እውቅና ሰጪ አካላት ልማድ በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመታት አንድን ሙያ የሚያስተምር ሰው በዚያው ሙያ ማስተርስ ከሌለው ሌላ ማስተርስና በሙያው ቢያንስ 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት ሰዓት እንዲኖረው ይጠበቃል። እዚያ ያለው ማስተርስ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ነው። ስለዚህ በትምህርት ፋኩልቲ 36 ክሬዲት ወስደው ከዚያ ውስጥ ዘጠኙ ብቻ ታሪክ ከሆነ፣ ታሪክ ለማስተማር ሲያመለክቱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። «ጥቂት ከታሪክ፣ ጥቂት ከኢኮኖሚክስ፣ ጥቂት ከፖለቲካ ሳይንስ» ብሎ የሚያከፋፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ማስተርስም በዚህ መስፈርት ይጎዳል፤ ሁሉም ዘንድ ስድስት ስድስት ክሬዲት ይዞ የትም አይደርስም። መምህራንን ማሠልጠን ከሆነ ዓላማዎ ግን የማስተማሪያ ሥነ ዘዴው ዲግሪ ራሱ ሙያዎ ስለሚሆን ሒሳቡ ሌላ ነው። የሚሄዱበት አገርና ተቋም የራሱ ደንብ ስላለው፣ አምስት ዓመት ቆይተው የሚያመለክቱበትን የሥራ ማስታወቂያ ዛሬ ፈልገው ያንብቡት። ወደ ኋላ እየቆጠሩ መምረጥ ይቀላል።

ሁለተኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ቴሲስ የሌለው ማስተርስ ይቀላል፤ ሥራ ላይ ላለ ሰውም ያጓጓል። ነገር ግን አንድ ቀን ሦስተኛ ዲግሪ ሊማሩ ካሰቡ ብዙ ትምህርት ክፍሎች የምርምር ናሙና ይጠይቃሉ፤ ያለ ቴሲስ የተመረቀ ሰው የሚያሳየው ያጣል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ሰዎች ራሳቸውን ያታልላሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ማለት ነው። ባለ 120 ክሬዲት ማስተርስ እንግዲህ ከ3,000 እስከ 3,600 ሰዓት ይፈልጋል። ሙሉ ቀን እያስተማሩ በሳምንት 15 ሰዓት ቢያገኙ ያለ ምንም ዕረፍት ከ200 እስከ 240 ሳምንት፣ ማለትም ወደ አራት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስድብዎታል። ቴሲሱ 30 ክሬዲት ከሆነ እሱ ብቻውን ከ750 እስከ 900 ሰዓት ነው። «በሁለት ዓመት ይጠናቀቃል» የሚለው ማስታወቂያ የሚናገረው ሌላ ሥራ ስለሌለው ተማሪ ነው። ከሥራ ፈቃድ ወስደው ሙሉ ጊዜ መማር ከቻሉ የነጻ ትምህርት ዕድሎችን አይናቁ። የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፋቸው የኢራስመስ ሙንዱስ ጥምር ማስተርስ ፕሮግራሞች አሉ፤ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቼቭኒንግም ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ እርስዎ በስድስት ዓመት ከዚያ አልፈዋል። ተመራቂው ወደ አገሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ግዴታ እንዳለበት ግን አስቀድመው ይወቁ።

የታሪክ መምህርት፦

አሠልጣኙን ካነበብሁ በኋላ ቀዳሚውን ምክሬን ትንሽ ማስተካከል ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለ ኢኮኖሚክሱ ያነሡት ምሳሌ ትክክል ነው፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሳስበው ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አንድን ሰነድ ምን ያህል ማሳጠር እንደሚገባ፣ የትኛውን አስቸጋሪ ቃል እንዳለ መተው፣ የትኛውን ደግሞ ሆን ብሎ መተካት እንደሚያሻ ከራሴ ስሕተት ነው የተማርሁት። የተማርሁበት የታሪክ ትምህርት ክፍል ይህን አላስተማረኝም። አንድ ዓመት ሙሉ ረጃጅም ሰነዶችን እንዳሉ እያባዛሁ ለተማሪዎች ስሰጥ ነበር፤ ማንም አላነበባቸውም፤ እኔም ልጆቹ ሰነፎች መስለውኝ ነበር።

በአንድ ነገር ግን እጸናለሁ። ማኅበራዊ ሳይንስ የሚባል አንድ ወጥ ሙያ የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የወጣውና ትምህርቱን በጥያቄና በምርመራ ላይ ለመመሥረት ያለመው ማዕቀፍ እንኳ ሥነ ዜጋን፣ ኢኮኖሚክስን፣ ጂኦግራፊንና ታሪክን አላቀላቀላቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱ የማሰቢያ መሣሪያ እንዳለው ተቀብሎ ለየብቻ አስቀመጣቸው። ኢኮኖሚስቱ ስለ አንድ ረኃብ ሲጠይቅ የገበያ ዋጋና የገቢ ለውጥ ይፈልጋል፤ ጂኦግራፈሩ ዝናብን፣ መሬትንና መንገድን ይመለከታል፤ የታሪክ ሰው ማን ምን ያውቅ እንደነበርና መቼ እንዳወቀ ይመረምራል፤ የሥነ ዜጋ መምህር ደግሞ የማን ኃላፊነት ነበር ይላል። ተማሪዎቻችን በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ሲዘሉ መምህሩ የትኛው ጥያቄ የትኛው እንደሆነ ካልለየላቸው ሁሉም «አስተያየት» ሆኖ ይቀራል። የሚመርጡት ፕሮግራም ቢያንስ ሁለተኛ ሙያ በጥልቀት የሚያስገባዎ ይሁን። ለእርስዎ ሁለተኛው ታሪክ ነው እላለሁ።

በርቀት የተመረቀ፦

እኔ በሥራ ላይ ሆኜ በኢንተርኔት የተማርሁ ነኝ። ስለ ርቀት ትምህርት የሚወራው ግማሹ ፍርሃት፣ ግማሹ ሽያጭ ስለሆነ ያየሁትን ልናገር።

ኮርሶቹን በተመለከተ ከክፍል ትምህርት ያነሰ አላገኘሁም፤ እንዲያውም ቀን ያስተማርሁትን ማታ ከተማርሁት ጋር ማገናኘት በመቻሌ ከሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ይልቅ የተጠቀምሁ ይመስለኛል። የተቸገርሁት በክትትሉ ላይ ነው። የማስተምርበትን ክፍል በካሜራ ቀርጬ እልካለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ «ጥሩ ነው፤ የተማሪ ተሳትፎ ይጨመርበት» የሚል አንድ መስመር ይመጣልኛል። ያን ጊዜ እኔ ያንን ርዕስ ጨርሼ ሌላ ላይ ነኝ። ከእኔ ጋር የተማረችና ሌላ ተቆጣጣሪ የደረሳት መምህርት ግን በማግስቱ የግማሽ ሰዓት የስልክ ውይይት ታገኝ ነበር፤ ተቆጣጣሪዋ ቅጂውን እያቆመች «እዚህ ደቂቃ ላይ ልጁ የተናገረውን ሰምተሽዋል?» ትላት ነበር። ዲግሪያችን አንድ ነው፤ የተማርነው ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ፕሮግራሙን ሲያነጋግሩ «ልምምዱን የሚከታተለው ማን ነው፤ እሱ ራሱ ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምሮ ያውቃል ወይ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይከታተላል፤ አስተያየቱስ በስንት ቀን ይደርሰኛል» ብለው ይጠይቁ። የሚያፍሩበት ነገር የለም። በግልጽ የሚመልስልዎት ካጡ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ከቅርብ ጊዜ ተመራቂዎች አንድ ሁለቱን እንዲያገናኙዎትም ይለምኑ።

የመምህራን አሠልጣኝ፦

የርቀት ተመራቂው የነገረን የሁለት ተቆጣጣሪዎች ወሬ ከማናቸውም የፕሮግራም መግለጫ ይበልጣል።

ስለ መመረቂያ ጽሑፉ አንድ ነገር ልጨምር። በትምህርት ፋኩልቲ የሚጻፍ ቴሲስ ከታሪክ ክፍሉ የቀለለ ነው የሚል ግምት አለ፤ አንዳንድ ቦታም እውነት ነው። መጠይቅ በትኖ፣ መቶኛ አስልቶ «መምህራን ሥልጠና ይፈልጋሉ» ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ ብዙ አንብቤአለሁ። ይሁን እንጂ የሥነ ልቡና ምሁሩ ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 በጻፈው ጽሑፍ ያቀረበው የተግባር ምርምር፣ ማለትም አቅዶ፣ ሠርቶ፣ ውጤቱን መርምሮ እንደገና የሚያቅድ አካሄድ፣ ለእንደ እርስዎ ያለ መምህር የተሠራ ያህል ነው። ያቺ ተማሪ ያነሣችው ጥያቄ ራሱ የምርምር ጥያቄ ይሆናል። ለአንድ ክፍል ተማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሁለት ምንጮች ይሰጧቸዋል፤ የሚያስቡትን ያስጽፏቸዋል፤ ከዚያም ደራሲውንና ዘመኑን መጠየቅ ያስተምሯቸዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌላ ርዕስ እንደገና ያስጽፏቸዋል። የጽሑፎቹ ልዩነት መረጃዎ ነው። ይህን ለማድረግ ግን የወላጆችንና የትምህርት ቤቱን ፈቃድ ቀድመው ማግኘት አለብዎት፤ ልጆቹ የእርስዎ ተማሪዎች በመሆናቸው «አልሳተፍም» ለማለት ሊፈሩ ይችላሉና፤ ያልተሳተፈ ልጅ ውጤቱ እንደማይነካ በግልጽ ይነገራቸው።

አማካሪዎን ከመመዝገብዎ በፊት ይፈልጉ። በፕሮግራሙ ውስጥ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ ማስተማር የሚያጠና አንድ እንኳ መምህር ከሌለ ስለ ልጆች የንባብ ችሎታ ወይም ስለ ትምህርት ቤት አስተዳደር በሚያጠና ሰው ሥር ይወድቃሉ፤ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፍዎን ግን የፊደል ግድፈት ከማረም ያለፈ አይረዳዎትም።

ካርታ አንባቢ፦

ካለፈው ውይይታችን በኋላ የተባልሁትን አድርጌአለሁ። የሁለት ፕሮግራሞችን የኮርስ ዝርዝር አስልኬ ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኋቸው። የጂኦግራፊውን ወዲያው ተውሁት፤ የምወደው ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ያለኝን ከማጥለቅ በቀር የጎደለኝን አይሞላልኝም።

የታሪኩ ፕሮግራም ጠንካራ ነው። የምንጭ ትንተና፣ የታሪክ አጻጻፍ ታሪክ፣ ሁለት የክፍለ ዘመን ኮርሶችና ቴሲስ አሉት። ስለ ማስተማር አንድም ቃል የለበትም። የትምህርት ፋኩልቲው ፕሮግራም በስሙ ማኅበራዊ ሳይንስ ይበል እንጂ ከአሥሩ ኮርሶች ስድስቱ ለማንኛውም መምህር የሚሰጡ ናቸው፤ ሁለቱ ግን በትክክል አሠልጣኙ እንዳሉት ዓይነት ናቸው፤ አንዱም ከምንጮች ጋር ስለ ማስተማር ነው። ሁለት የምርጫ ኮርሶች ከየትኛውም ፋኩልቲ መውሰድ ይቻላል ይላል። ያንን ኮርስ የምታስተምረውን መምህርት በኢሜይል ጠየቅኋት፤ በሦስተኛው ቀን ረጅም መልስ ጻፈችልኝ፤ እሷ ራሷ ለዘጠኝ ዓመት በሁለተኛ ደረጃ አስተምራለች፤ በአንድ ጊዜ ከአምስት ተማሪ በላይ እንደማታማክርም ነገረችኝ።

የምመኘውን የሥራ ማስታወቂያ ፈልጌም አነበብሁ። «በማኅበራዊ ሳይንስ ማስተማር ወይም ከማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች በአንዱ» ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል። ሁለቱም ያስገባሉ።

ስለዚህ ወደ ትምህርት ፋኩልቲው አዘንብያለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱን የምርጫ ኮርሶች ከታሪክ ትምህርት ክፍል፣ አንዱንም የምንጭ ትንተናውን፣ መውሰድ እንዲፈቀድልኝና ቴሲሴም ከታሪክ ክፍል ሁለተኛ አማካሪ እንዲኖረው በደብዳቤ ጠይቄአለሁ። በትርፍ ጊዜ በሦስት ዓመት ተኩል እጨርሳለሁ ብዬ አስልቻለሁ፤ የኮሌጁ መምህር ያስቀመጡት ሒሳብ ባይኖር ኖሮ ሁለት ዓመት ብዬ እገባ ነበር። መልሱን እየጠበቅሁ ነው። ካልፈቀዱ ምን ይሻለኛል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ኮሌጅ የሚያስተምር፦

ካልፈቀዱ አንድ ሴሚስተር ዘግይተው ይጠይቁ፤ ከተመዘገበ ተማሪ የሚመጣን ጥያቄ ፋኩልቲዎች በተሻለ ይሰማሉ። ያም ካልሆነ የታሪክ ኮርሶቹን ዲግሪ በማያሰጥ ተማሪነት ለብቻቸው መዝግበው ይውሰዷቸው፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ይፈቅዳሉ፤ የውጤት መግለጫውም በኋላ ይቆጠርልዎታል።

የታሪክ መምህርት፦

ለታሪክ ትምህርት ክፍል ኃላፊው በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ የተማሪዋን ጥያቄ ያስገቡት፤ እንደነገሩን አድርገው፣ ሳያሳምሩ። እኔ የክፍል ኃላፊ ብሆን ያንን አንብቤ «የክሬዲት ደንብ አይፈቅድም» ብዬ ለመመለስ እቸገር ነበር። ከምንጭ ትንተናው ኮርስ በፊት ለሁለት ወር የሚሆን ንባብ ከፈለጉ በግል መልእክት ይጻፉልኝ፤ የእኔን የኮርስ ማስታወሻዎች እልክልዎታለሁ፤ ለተማሪዎቼ ያሳጠርኋቸውን ሰነዶችም እጨምራለሁ።